ሠርቶ ስለ መተው፤ የወይዘሮ ፒቺኒኒ ቅርጾች

በአውስትራልያ አገር፣ በብሪዝበን ከተማ ባለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤት፣ በ2018 ዓ.ም. ከማርች እስከ ኦገስት ድረስ አንድ ትርኢት ለሕዝብ ተከፍቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የትርኢቱ ባለቤት ወይዘሮ ፓትሪሺያ ፒቺኒኒ ይባላሉ፤ በሜልቦርን ከተማ የሚሠሩ ቅርጽ አውጪ ናቸው። እርሳቸው ሥራቸውን ወደሚያሳዩበት አዳራሽ የሚገባ ሰው በፈረስ ላይ የተቀመጠ ንጉሥ ወይም ሰይፍ የመዘዘ ጀግና አያገኝም። የሚያገኘው ቆዳዋ የሰው ቆዳ የሆነ፣ መልኳ ግን ከሰውም ከአሳማም ተውጣጥቶ የአንዱንም ወገን ያልሆነ እናት ናት። የሚያገኘው ከሕፃን ጋራ ባንድ አልጋ የተኛ፣ ስም ያልወጣለት ፍጥረት ነው። አንዳንዱ ተመልካች ይሥቃል፣ አንዳንዱ ይጸየፋል፤ ሕፃናት ግን ቀርበው ያያሉ።

የብሪዝበኑ ትርኢት «ኪዩሪየስ አፌክሽን» የሚል ርእስ ነበረው። ሁለተኛው ቃል በእንግሊዝኛ ፍቅርንና ርኅራኄን ያመለክታል። የፊተኛው በቅኔ ቤት ቢሆን ኅብር የሚባል ነው፤ አንድ ጊዜ «እንግዳ፣ ያልተለመደ» ማለት ይሆናል፣ አንድ ጊዜም «ለማወቅ የሚጓጓ፣ መርማሪ» ማለት ይሆናል። ስለዚህ ርእሱ «ያልተለመደ ፍቅር» ተብሎም «ለማወቅ የሚጓጓ ፍቅር» ተብሎም ይፈታል። ብዙ ጊዜ የሥዕልና የቅርጽ ባለቤቶች ለሥራቸው የሚያወጡት ስም ከሥራው ጋራ አይተዋወቅም፤ የዚህኛው ግን ሁለቱም ፍች በሥራው ውስጥ ስለሚገኝ ስሙ በከንቱ አልወጣም። ተመልካቹ ሲመጣ የሚመጣው ለማየት ጓጉቶ ነው፤ ወይዘሮዋ የሚፈልጉት ግን ሲወጣ ራርቶ እንዲወጣ ነው። ከጉጉት እስከ ርኅራኄ ያለው መንገድ በእውነት የሚያደርስ ነውን? ወይስ ሰው በብልኀት ተመርቶ የሚያልፍበት ብቻ ነው? የሥራው ዋጋ የሚመዘነው በዚህ ጥያቄ ነው።

ወይዘሮ ፒቺኒኒ በ1965 በሴራ ሊዮን ዋና ከተማ በፍሪታውን ተወለዱ፤ በ1972 ገና በልጅነታቸው ወደ አውስትራልያ ገቡ። አስቀድመው የኢኮኖሚ ታሪክ ተማሩ፣ ከዚያ በኋላ በሜልቦርን የሥዕልን ትምህርት ተከታትለው በ1991 ጨረሱ። ቅርጾቹን ሁሉ በገዛ እጃቸው አይሠሩም፤ ይህንም አይሸሽጉም። ፍጥረቱን በአሳባቸው ፀንሰው በወረቀት ይነድፉታል፤ ቀጥሎ በሥራ ቤታቸው ያሉ ባለ እጆች በጭቃ ያቆሙታል፣ ከጭቃውም ላይ ማፍሰሻ ያወጣሉ፣ በማፍሰሻውም ውስጥ ሲሊኮን የሚባለውን እንደ ሥጋ የሚለሰልስ ነገር ቀለም እያዋሐዱ ያፈሱታል። ጠጕሩ የእውነት የሰው ጠጕር ነው፤ አንድ በአንድ ይተከላል። የቆዳው ሽብሽብ፣ ማድያቱ፣ ከቆዳው ሥር የሚታየው የደም ሥር፣ ጥፍሩ ሳይቀር አንድም የተረሳ ነገር የለበትም። አጠገቡ የቆመ ሰው «አሁን ይተነፍሳል» እያለ ይጠብቃል።

ለዚህ ገጽ አንባቢ ስለ ሰምና ወርቅ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ነገር ግን ስያሜው ከአንጥረኛ ቤት የመጣ መሆኑን ማስታወስ ለዚህ ነገር ይጠቅማል። አንጥረኛው አስቀድሞ ጌጡን በሰም ይሠራል፤ በሰሙ ላይ ጭቃ ይለብጣል፤ እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ በባዶው ስፍራ ይገባል። ሰም ምንም ቢያምር ዕጣው መቅለጥ ነው፤ ካልቀለጠ ለወርቁ ስፍራ የለውም። የወይዘሮ ፒቺኒኒ ሥራ ትልቁ አደጋ በዚህ ላይ ነው። ሰሙ፣ ይኸውም ያ ቆዳ፣ እጅግ ስለ ተዋጣላቸው ብዙው ተመልካች ከሰሙ አያልፍም፤ «እንዴት አድርገው ሠሩት? ጠጕሩስ የእውነት ነውን?» እያለ ሲዞር ይውላል። የቅኔ ተማሪም ቃል ሲያሳምር ምስጢር የሚያልቅበት ጊዜ አለ፤ ጓደኞቹ በቃሉ ይደነቃሉ፣ መምህሩ ግን ዝም ይላል። ከወይዘሮዋም ሥራዎች መካከል መምህር ዝም የሚልባቸው አሉ።

ዝናቸውን በዓለም ያወጣው «ወጣቱ ቤተ ሰብ» የተባለው የ2002 ሥራ ነው። በሚከተለው ዓመት በኢጣልያ በቬኒስ ከተማ በየሁለት ዓመቱ በሚደረገው የዓለም የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ አውስትራልያን ወክለው «አንድ ቤተ ሰብ ነን» በሚል ርእስ ሥራቸውን ሲያሳዩ ይህ ሥራ ቀርቦ ነበር፤ ኋላም በአውስትራልያ የቤንዲጎ ከተማ የሥነ ጥበብ ቤት ንብረት ሆነ። በቆዳ በተለበጠ መደብ ላይ አንዲት ፍጥረት በጎኗ ተጋድማለች። አፍንጫዋ የአሳማ ይመስላል፣ ጆሮዋ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፣ ቆዳዋ ግን በሥራ እንደ ደከመች ሴት ቆዳ የላላና ሽብሽብ ያለበት ነው። ግልገሎቿ ጡቷን ይዘዋል። እርሷ እነርሱን አታይም፤ አንድ ሩቅ ነገር ትመለከታለች። ብዙ የወለደች እናት የመጨረሻውን ልጅ በሌሊት ስታጠባ የምታየው ዐይነት አስተያየት ነው፤ ደስታ አይደለም፣ ኀዘንም አይደለም፤ ድካም ነው፣ ከድካሙም ሥር አሳብ አለ።

ይህች እናት ለምን ተሠራች? ሊቃውንት ከአሳማ አካል ለታመመ ሰው የሚተከል ልብና ኩላሊት ለማውጣት ሲደክሙ በነበሩበት ዘመን፣ ወይዘሮዋ ያንን አሳብ ይዘው እስከ ዳር ሄዱ። የሰው ብልት የሚያበቅል እንስሳ ቢገኝ እርሱ ማን ይባላል? ልጆቹስ ልጆች ናቸውን ወይስ የመድኀኒት ዕቃ? በ2002 ይህ ነገር ለብዙ ሰው ተረት ይመስል ነበር። በጃንዋሪ 2022 ግን በአሜሪካ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በዘሩ ላይ 10 ለውጥ የተደረገበትን የአሳማ ልብ በሞት አፋፍ ለነበረ አንድ ሰው ተከሉለት፤ ሰውየውም 2 ወር ያህል በሕይወት ቆየ። ከ10ሩ ለውጥ 6ቱ ከሰው ዘር የተጨመሩ ነበሩ። በ2024 ደግሞ በቦስተን ዘሩ የተለወጠ የአሳማ ኩላሊት በሕያው ሰው ላይ ተተከለ። ስለ ልቡና ስለ ኩላሊቱ በየጋዜጣው ብዙ ተጽፏል፤ ስለ አሳማው የተጻፈው ጥቂት ነው። የወይዘሮ ፒቺኒኒ ቅርጽ 20 ዓመት ቀድሞ ስለ አሳማዪቱ ጠይቆ ነበር።

የአሳማ ስም ሲነሣ ፊቱን የሚያዞር አንባቢ አይጠፋም። እርሱ ግን ከፈረንጁ ይልቅ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ተመልካች ነው፤ ምክንያቱም ፈረንጁ አሳማን በማዕዱ ስለ ለመደ አስቀድሞ መጸየፍን መማር አለበት። ወይዘሮዋ የፈለጉት ፊት መዞሩን ነው፣ ዞሮም መመለሱን።

ይህ ሁሉ በፈጣሪ ሥራ ላይ መዘበት ነው የሚል ካህን ቢኖር ቃሉ አይናቅም። ነገር ግን ወይዘሮ ፒቺኒኒ አንድ ሕያው ነገር እንኳ አልሠሩም፤ ሲሊኮን ነው ያፈሰሱት። በሕያው ላይ የሠሩት ሌሎች ናቸው። በጀርባዋ ላይ የሰው ጆሮ የሚመስል ነገር የበቀለባት አይጥ በ1990ዎቹ ፎቶግራፏ ዓለምን ሲዞር ብዙ ሰው አይቶ ደንግጧል፤ ጆሮ መሳዩ በጆሮ አምሳል በተሠራ ድጋፍ ላይ ከላም በተወሰደ የልም አጥንት ሕዋስ ያደገ ነበር። ወይዘሮዋ ያችን አይጥ በ1997 የፎቶግራፍ ሥራቸው ውስጥ አስገቧት። ዶሊ የተባለችው በግ በ1996 በስኮትላንድ ከአንዲት ትልቅ በግ አካል ከተወሰደ ሕዋስ ያለ አባት ተወለደች፤ በ2003 በ6 ዓመቷ ሞተች። «ከትልቅ አካል የተቀዳ ልጅ ዕድሜውን ከየት ይጀምራል?» የሚል ጥያቄ በዚያን ጊዜ በሊቃውንት ዘንድ ነበር። በቬኒስ ከቀረቡት ቅርጾች መካከል ሁለት ወንዶች ልጆች በአንድ የእጅ መጫወቻ ላይ ዐይናቸውን ተክለው ቆመው ይታያሉ፤ ከሩቅ ሲታዩ ልጆች ናቸው፣ ቀርቦ ለሚያያቸው ግን ቆዳቸው የሽማግሌ ቆዳ ነው። ይህ መዘበት ከሆነ፣ የተዘበተበት የፈጣሪ ሥራ ነው ወይስ የሰው ጥድፊያ? መስተዋት የያዘን ሰው ስለ መልኩ መውቀስ አይገባም።

ከዚህ በኋላ የሥራቸው ወርቅ ወዳለበት መግባት ይቻላል። በእንግሊዝ አገር ሜሪ ሼሊ በ1818 ያሳተመችው «ፍራንክንስታይን» የተባለ ልቦለድ አለ። በዚያ ታሪክ አንድ ተማሪ ከሙታን ገላ ሰው መሰል ፍጥረት ሠርቶ ሕይወት ይዘራበታል፤ ፍጥረቱ ዐይኑን ሲገልጥ ግን መልኩን ይጸየፍና ጥሎት ይሸሻል። ፍጥረቱ ብቻውን ቀርቶ፣ ሁሉ ሲያሳድደው ክፉ ይሆናል። ኋላም ፈጣሪውን ሚስት እንዲሠራለት ቢለምነው፣ ያ ሰው ጀምሮ ሳለ አፈረሰበት። ዓለም ይህን ታሪክ «ሰው ከወሰኑ አለፈ» ለሚል ተግሣጽ ሲጠቅሰው ኖሯል። ወይዘሮ ፒቺኒኒ ግን ሌላውን መንገድ ይዘው ያነቡታል፤ በእርሳቸው ዘንድ የተማሪው በደል መሥራቱ ሳይሆን ሠርቶ መተዉ ነው። ሁሉም ሥራዎቻቸው ከዚህ ንባብ ይወጣሉ። የማይጠቅም፣ የማያምር፣ ለምን እንደ መጣ የማይታወቅ ፍጥረት ቢመጣ፣ የሚያሳድገው ማን ነው?

በብሪዝበን «ጥንዶቹ» በሚል ስም የቀረበው የ2018 ሥራ የዚህ ንባብ ግልጽ ማስረጃ ነው። ካራቫን በሚባለው በመኪና በሚጐተት ቤት ውስጥ ሁለት ፍጥረታት በአልጋ ላይ ተቃቅፈው ተኝተዋል። በልቦለዱ ለተጣለው ፍጥረት የተከለከለችው ሚስት እነሆ ከ200 ዓመት በኋላ ተሰጠችው። አሳቡ የተዋበ ነው። ይሁንና ልቦለዱን የማያውቅ ተመልካች የሚያየው በጠባብ ቤት የተኙ ሁለት ፍጥረታትን ብቻ ነው፤ አንድን ሥራ ለመፍታት ሌላ መጽሐፍ ግድ ከሆነ፣ የወርቁ ግማሽ በሌላ ሰው ሣጥን ውስጥ ነው ማለት ነው።

ስለ ስሞቹም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አዳም እንስሳትን ሲሰይም በየወገናቸው ሰየማቸው። ወይዘሮ ፒቺኒኒ ለነዚህ ፍጥረቶቻቸው የወገን ስም አላወጡላቸውም። «ወጣቱ ቤተ ሰብ»፣ «ታላቂቱ እናት»፣ «ተሸካሚው»፣ «አጽናኚው»፣ «ሲጠበቅ የኖረው» ብለዋቸዋል፤ እነዚህ ሁሉ የዝምድና ወይም የአገልግሎት ስሞች ናቸው። «ይህ ፍጥረት ምንድን ነው?» ለሚለው መልስ የለም፤ «ለማን ምኑ ነው?» ለሚለው ግን አለ። ሰውም ሕፃን ሲወለድለት ስም ከማውጣቱ አስቀድሞ «ልጄ» ይለዋልና ነገሩ ከልማድ የወጣ አይደለም።

ከሁሉም ሥራዎች የተዋጣው «ሲጠበቅ የኖረው» የተባለው የ2008 ቅርጽ ነው። አንድ ልጅ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በጭኑ ላይ ያረጀ ፍጥረት ራሱን አስደግፎ ተኝቷል፤ ፊቱ የአሮጊት ፊት ይመስላል፣ ሽበቱ ረጅም ነው፣ ወደ ታች ግን እግር የለውም፤ የባሕር ላም እንደሚሉት እንስሳ በጅራት ያልቃል። ልጁ አቅፎታል። ሁለቱም ዐይናቸውን ጨፍነዋል። ሌላ ምንም ነገር የለም።

ከቅኔ ዐይነቶች ሁሉ አጭሩ ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ ነው። ተማሪ የሚጀምረው በእርሱ ነው፤ የበሰለውም ቢሆን በእርሱ ይታወቃል፤ ስፍራው ጠባብ ስለ ሆነ ድካም የሚሸሸግበት የለውምና። ይህ ቅርጽ ጉባኤ ቃና ነው፤ አንደኛው ቤት ልጁ፣ ሁለተኛው ቤት ያ ያረጀ ፍጥረት። ኅብሩም በርእሱ ላይ ወድቋል። ሲጠበቅ የኖረው ማን ነው? ልጁ ወንድም ወይም እኅት እንዲመጣለት ሲጠብቅ የመጣለት ይህ ነውን? ወይስ ፍጥረቱ የሚያቅፈው ሲጠብቅ አርጅቶ ሳለ ልጁ ደረሰለት? ሁለቱም ያስኬዳል፣ ሁለቱም አንዱ አንዱን አያፈርስም። ደግሞም ልጅ አሮጌውን ያቀፈበት ሥራ ነው። የሚያቅፍ አዋቂ፣ የሚታቀፍ ሕፃን ነው ተብሎ የተለመደው ሥርዐት ተገልብጧል፤ ሲገለበጥ ግን ድምፅ አላሰማም፤ ተመልካቹ ቆይቶ ነው የሚያውቀው። እዚህ ላይ ሰሙ ቀልጧል። ስለ ሲሊኮን የሚጠይቅ አይኖርም።

ዐይናቸው መጨፈኑም ትንሽ ነገር አይደለም። በሌሎቹ ሥራዎች ዐይን እጅግ ብዙ ሥራ እንዲሠራ ይደረጋል። የኢትዮጵያ የጥንት ሠዓልያን ጻድቁን ፊቱን አቅንተው ሁለት ዐይን፣ ኀጥኡንና ሰይጣኑን በጎን አንድ ዐይን አድርገው ይሥሉ ነበር፤ ፊደል ያልቈጠረ ምእመን እንኳ ወዳጁንና ጠላቱን በዐይን ቍጥር ይለይ ነበር። ወይዘሮ ፒቺኒኒም በራሳቸው መንገድ እንዲህ ያለ ሕግ አላቸው። ፍጥረቱ ምንም ያህል ቢጣመም ዐይኑ የሰው ዐይን ነው፤ ያውም እርጥብና ለስላሳ። አካሉ «ሽሽ» ይላል፣ ዐይኑ «ና» ይላል። ይህ ብልኀት አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ያሸንፋል፤ በአምስተኛው ሥራ ላይ ግን ተመልካቹ ያውቅበታል። ሰሙ ሳይቀልጥ ወርቁን አስቀድሞ የሚያሳይ ቅኔ ለሰሚው የሚፈታው ነገር አያስቀርለትም።

ከዚህም የሚከብድ ነቀፌታ አለ። ከጥቂቶቹ በቀር ፍጥረቶቹ ሁሉ የዋሃን ናቸው። የሚሸት የለም፣ የሚጮኽ የለም። በ2004 የሠሩት «ጠባቂው» እንኳ አስፈሪ ጥርስ ሳለው፣ ጥርሱ የተሰጠው በቪክቶሪያ ክፍለ አገር ልትጠፋ የተቃረበችን አንዲት ማር በል ወፍ ሊጠብቅና ዛፉን ነክሶ ፈሳሹን ሊያወጣላት ነው። ለእንዲህ ያለ ፍጥረት መራራት ምን ይከብዳል? ሲሊኮን አይርበውም፤ በሌሊት አይነሣም፤ አያድፍም። በአዳራሽ ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ በሲሊኮን ፊት ቆሞ ልቡ የራራ ሰው፣ ከደጅ ወጥቶ ፊቱ በደዌ የተለወጠ ሕያው ሰው ሲያገኝ ዐይኑን ወደ ሱቅ መስኮት ቢያዞር፣ በአዳራሹ ውስጥ የፈሰሰው ርኅራኄ ምን ነበር? ጥያቄው ለወይዘሮዋ ብቻ አይደለም፤ የኀዘን ዜማ ሰምቶ ዕንባውን ጠርጎ የሚወጣ ሁሉ ይጠየቅበታል። ነገር ግን ሥራቸውን በርኅራኄ ላይ ያቆሙ ስለ ሆነ ከሌላው ይልቅ እርሳቸውን ይመለከታል።

ለዚህ ነቀፌታ የሚመልስላቸው የገዛ ሥራቸው አለ፤ ይኸውም በ2005 የተሠራው «ታላቂቱ እናት» ነው። መነሻው ልጇ የሞተባት ዝንጀሮ የሰው ሕፃን ሰርቃ ወሰደች የሚል ታሪክ ነው። ዝንጀሮ መሳዪቱ በሰው ቁመት ቆማ የሰው ሕፃን ታጠባለች። ከእግሯ አጠገብ የሕፃን ዕቃ የሚያዝባቸው ሰማያዊ የቆዳ ቦርሳዎች ተቀምጠዋል። ዐይኗ ቀልቷል። እነዚያ ቦርሳዎች የማን ናቸው? ይህች ሞግዚት ናት ወይስ ሌባ? ሕፃኑ ጠግቦ ይጠባል፤ በሌላ ስፍራ ግን አንዲት የሰው እናት ልጇን እየጠራች ትፈልጋለች፤ እርሷ በቅርጹ ውስጥ የለችም፣ ሆኖም ድምፅዋ ይሰማል። በዚህ ሥራ ፍቅር አለ፤ ያ ፍቅር ግን ሌላውን የሚጎዳ ነው። ተመልካቹ ራርቶ እንዳይሄድ የዚያችኛዪቱ እናት ጩኸት ይይዘዋል፤ ፈርዶ እንዳይሄድ የዚህችኛዪቱ ዐይን ይይዘዋል። ዐይኑ እዚህ ላይ በከንቱ አልተሠራም።

«ተሸካሚው» የተባለው የ2012 ሥራም ከደጋጎቹ ይቈጠራል። ሰውነቱ ጠጕር የለበሰ ግዙፍ ፍጥረት አንዲት አሮጊት በጀርባው አዝሎ ይሄዳል። ሰውነቱ ሁሉ በጠጕር የተሸፈነውን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ከአንበሶችና ከነብሮች መካከል ተሥሎ ሲያይና ሲሳለም ያደገ ሰው፣ በዚህ ጠጕር አይደነግጥም፤ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። አሮጊቲቱ ለብሳለች፤ ተሸካሚው ራቁቱን ነው። ወዳጅ ነው ወይስ ሎሌ? እርሱ ሲያረጅ የሚያዝለው ማን ነው? ፊቱ ላይ ቅሬታ የለም፣ ይህም ነገሩን ያብሰዋል እንጂ አያቀለውም፤ ጌታና ሎሌ ባንድ ቤት የኖሩበትን ዘመን የሚያውቅ ሰው ቅሬታ የሌለበትን ፊት ማመን እንደማይገባ ያውቃልና።

ስለ ቀሩት አጭር ነገር ይበቃል። በ2008 የሠሯቸው፣ ቬስፓ የሚባሉት ሁለት ሞተር ብስክሌቶች እንደ ወንድ አጋዘን ቀንድ ለቀንድ የሚዋጉበት ሥራ የዋዛ ነው፤ ያሥቃል፣ ያልፋል። በ2013 የካንቤራ ከተማ 100ኛ ዓመት ሲከበር የተሠራው «የሰማዩ ዓሣ ነባሪ» በሞቀ አየር የሚንሳፈፍ ባሎን ነው፤ ርዝመቱ 34 ሜትር፣ ከፍታው 23 ሜትር፣ በጎንና በጎኑም 10 ጡቶች ተንጠልጥለዋል። ሕዝቡ ስለ ወጪው ተከራከረ፤ ከዚያም ወደደው፤ በ2021 ደግሞ ባል ተሠርቶለት አብረው በረሩ። በጎልማሳ ቁመት የተሠራ ቅርጽ ሰውን ፊት ለፊት ይጠይቀዋል፤ ከደመና በታች የሚንሳፈፍ ግን ለማንም አይመልስም፣ ማንንም አይጠይቅም። ግራሃም የተባለው የ2016 ሥራ ከነዚህ ይሻላል። የቪክቶሪያ የመንገድ አደጋ መሥሪያ ቤት የመኪና ግጭት ሊገድለው የማይችል ሰው ምን ይመስል ነበር ብሎ ጠየቀ፤ ወይዘሮዋም ከአንድ የቀዶ ጥገና ሐኪምና ከአንድ የመኪና አደጋ መርማሪ ጋራ መክረው ሠሩት። አንገት የለውም፤ የራስ ቅሉ እጅግ ትልቅ ነው፤ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፤ በጎድኑ መካከል የአየር ከረጢቶች አሉት፤ ጕልበቱ ወደ ሁሉም ይታጠፋል። ቅኔ አይደለም፣ ምስጢርም የለውም፤ የተላከበትን መልእክት ግን ያደርሳል። መኪና ለሚነዳ ሰው እንዲህ ያለ አንገት አልተሰጠውም።

በ2008 የሠሩት «ተጠራጣሪው ቶማስ» ግን ከባድ ስም ስለ ተሸከመ እንዲሁ መታለፍ የለበትም። በዳግማይ ትንሣኤ ቀን የቶማስን ነገር የሰማ ሁሉ የዚያን እጅ ጕዞ ያውቃል። በወይዘሮዋ ቅርጽ አንድ ልጅ ጎንበስ ብሎ፣ ዐይንና መልክ በሌለው በአንድ ፍጥረት ወደ ተከፈተ አፍ እጁን ይሰድዳል። ልጁ በጉጉት የሚቀርብበት ያ አንድ ቅጽበት በብልኀት ተይዟል፤ ሊነካ ሲል እንጂ ሲነካ አልተቀረጸም፣ ይህም መልካም ነው። ስሙ ግን አልገጠመም። ቶማስ የሚያውቀውንና የሚወደውን ነበር ሊዳስስ የፈለገው፤ ልጁ ከቶ የማያውቀውን ነው። የቶማስ እጅ ወደ ቍስል ሄደ፣ የልጁ እጅ ወደ አፍ ይሄዳል፤ ቍስል ደግሞ አይነክስም። ሠሪዪቱ ይህን ልዩነት አስበው እንደ ሆነ በቅርጹ ላይ ምልክቱ አይታይም። «ልጁና አፉ» ቢባል ኖሮ ሥራው ራሱን ችሎ በቆመ ነበር።

ሆኖም የዚህ ልጅ እጅ ስለ ተመልካቹ አንድ እውነት ይናገራል። በ2016 በብራዚል በሪዮ ዴ ጃኔሮ የተከፈተውን ትርኢታቸውን ከ400 ሺህ የሚበልጥ ሰው አይቶታል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እጁን ሊዘረጋ ያልተመኘ ጥቂት ነው፤ ያ ቆዳ ሙቀት ያለው ይመስላልና። መዳሰስ ግን ክልክል ነው። ሲሊኮን ከእጅ ወዝ ይቀበላል፣ አቧራም ይስባል፤ የተተከለውም ጠጕር ይረግፋል፣ ቀለሙም በብርሃን ይለወጣል። ስለዚህ ትርኢቱ ተዘግቶ ሕዝቡ ሲበተን ፍጥረቶቹ የሚጠብቃቸው ይሻሉ። የየሥነ ጥበብ ቤቱ ዕቃ ጠባቂዎች ለስላሳ ብሩሽ ይዘው በየጊዜው አቧራውን ከሽብሽቡ ውስጥ ያወጣሉ፣ የተጣበቀውን ጠጕር ይፈታሉ፣ የረገፈ ካለም ይመልሳሉ።